ፒያኖ ሆድ ውስጥ የገባው ኦርጋን

ስለ ቢያድግልኝ የሚያወራው ብዙ ነው፤ የሚያውቀው ግን እኔ ነኝ። እዚህ አዋሽ ሰባት፣ ከድሮው ሐዲድ ዳር ከተደረደሩት ሱቆች የኔ ምግብ ቤትና የሱ የሬዲዮና የአምፕሊፋየር ጥገና ቤት አንድ የችፑድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሲያስነጥስ ይማርህ የምለው እኔ፣ ሲሳደብም መጀመሪያ የምሰማው እኔ። ስሜ ሙጂባ ነው፣ የባቲ ልጅ ነኝ፣ ጸጉሬ የሸበተው ግን እዚህ ነው። ነገር አለዝቤ ማውራት አልችልበትም። ካልወደድከው ሻይህን ጠጣና መንገድህን ቀጥል፣ ጅቡቲ ገና ሩቅ ነው።

ሰውየው እጁ አያርፍም ነበር። ይኸው ነው፣ ምን አሳምረዋለሁ። አጭበርባሪ ያለውን ሰው መንጋጋውን አውልቆ ጤና ጣቢያ ልኮታል። የተጠገነ ስፒከር አልተጠገነም ብሎ የተከራከረውን ሾፌር ስፒከሩን ራሱ ላይ አጥልቆለታል። ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ "ዛሬ ደግሞ ማንን?" ነበር የሚሉት። አንዴ በስልክ ከሰው ጋር ተጣልቶ ግድግዳውን በቡጢ ቢለው እጁ በኔ በኩል ብቅ አለ። እኔ ወጥ ላይ ነበርኩ፤ ጡጫውን በትኩስ ጭልፋ አቀመስኩት። "እትዬ ሙጂባ፣ ይቅርታ!" አለኝ በቀዳዳው። እኔን አንድ ቀን እንኳን ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም፤ እናቱን በልጅነቱ ነው ያጣው፣ የምበላውን አብሮኝ ይበላ ነበር።

ይሄ ጠባይ ከየት መጣ ብትለኝ ከአባቱ ነው። አባቱ የባቡር ሰራተኞች ክበብ ዘበኛ ነበሩ። ክበቡ ውስጥ ፈረንጆች ትተውት የሄዱት የቆመ ፒያኖ ነበረ፤ አባትየው ማንም እንዳይነካው አደራ ተብለዋል። ልጁ ደግሞ ያንን ፒያኖ ካየ አደብ አያውቅም። አንድ ቀን በቀትር፣ አባትየው አሸልበዋል ብሎ ገብቶ ነካ ነካ ሲያደርግ ደረሱበት። ምን አደረጉ መሰለህ? ክዳኑን ጣቶቹ ላይ ዘግተው በክንዳቸው ተጫኑት። አስተግፊሩላህ! የገዛ ልጃቸው! የቀኝ እጁ ሁለቱ ጣቶች እንደተጣመሙ ቀሩ። ይሄን ሲነግረኝ እየሳቀ ነው የነገረኝ፣ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

በነዚያ ጣቶች ምንም መጫወት አልቻለም። ጆሮው ግን ጆሮ ነው። ኦርጋን የሚሉት አለ አይደል፣ በመብራት የሚሰራው፣ የሰርግ ባንዶች የሚጫወቱበት? ከአዳማ እስከ ሰመራ የተበላሸ ኦርጋን ሁሉ ወደሱ ይመጣ ነበር። በካቻቢቴ ከፍቶ፣ አሽትቶ፣ "የተቃጠለው እዚህ ጋ ነው" ይላል። ለሰው ትዕግስት የሌለው ሰው ለሽቦ ትዕግስት ነበረው፤ እስከዛሬ አልገባኝም።

ባቡሩ ቆመ፣ ክበቡም ተዘጋ፣ አባትየውም ሞቱ። ቤቱን ሊያጸዱ የመጡ የቀን ሰራተኞች ፒያኖውን ውጭ አውጥተው ለማገዶ በመጥረቢያ ጀመሩት። አንዱ ጎኑን ፈልጦታል። ቢያድግልኝ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ሲሮጥ መጥቶ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ባለመጥረቢያውን በቴስታ አለው። ሰውየው ጥርሱን ለቀመ። ሁለተኛው በዱላ ጀርባውን ሲወቅጠው፣ እሱ ዱላውንም ሰውየውንም ፒያኖውን ታቅፎ ቻለው። ጀርባው ቆስሎ፣ ሸሚዙ በደም ተጣብቆ፣ በጋሪ አስጭኖ መጣ። "ምን ታደርግበታለህ?" አልኩት። "አላውቅም እትዬ" አለኝ። ከሱቁ ጀርባ አቆመውና አሮጌ ቴፖች ይደረድርበት ጀመር።

ከዚያ ንጋትወርቅ መጣች። መምህርት ናት፣ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች፣ መምህራን ኮሌጅ ኦርጋን የተማረች። የትምህርት ቤቱን ኦርጋን ልታስጠግን መጥታ ነው የተያዩት። እሱ እየጠገነ እሷ እየሞከረች፣ "እዚህ ጋ ድምፅ ይሰርቃል"፣ "አሁንስ?"፣ "አሁን ጥሩ ነው" ሲባባሉ በግድግዳዬ ቀዳዳ እየሰማሁ ሳቄን እይዝ ነበር። ተጋቡ። የራሷን ኦርጋን ገዛች። ከሰዓት በኋላ ስትጫወት የኔ ደንበኞች ምግባቸውን ረስተው ይሰሙ ነበር፤ እሱ ደግሞ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሰው እንዳያወራ በዓይኑ ይጠብቃል።

ያን ቀን ያደረገውን ልንገርህ፣ አፌ እየመረረኝም ቢሆን። ትምህርት ቤት በዓል ነበረ፣ እሷ ተጫውታ ስትመለስ አንድ የስራ ባልደረባዋ ኦርጋኑን ተሸክሞላት መጣ። በቃ፣ ይኸው ነው ጥፋቷ። ቢያድግልኝ ኦርጋኑን ከሰውየው እጅ መንጭቆ ከደጃፉ የብረት ምሰሶ ጋር አጋጨው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቁልፎቹ መንገድ ላይ ተበተኑ። እሷ "ተው! ተው እንጂ!" ብላ ክንዱ ላይ ብትንጠለጠል በክርኑ አፏን መታት። የፊት ጥርሷ ወለቀ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፣ ወንዶች ናቸው ደግሞ! እኔ ነኝ ወጥቼ በመጥበሻ ትከሻውን የደቃሁት። በማግስቱ ወንድሟ ሀብተ ሥላሴ ከሰመራ መጥቶ ወሰዳት። እሱ እዚያ ቢሮ ነው የሚሰራው፣ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ቢያድግልኝን አላናገረውም፣ እንኳን ሊሰድበው ቀና ብሎ አላየውም።

እንደሄደች ሰውየው ሰው መምሰል አቆመ። የተሰበረውን ኦርጋን በጆንያ ለቅሞ ራስጌው አስቀምጦ ይተኛ ነበር። ሽማግሌ ላከ። አንድ ሼህ፣ አንድ የእድር ዳኛ፣ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሰው ሰመራ ድረስ ሄዱ። ንጋትወርቅ ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛ፣ የሰበረውን ኦርጋን በእጁ ሰርቶ ይመልስ። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ በሴትም በወንድም ላይ እጁን እንዳያነሳ። "አንድ ቀን አንድ ሰው ከመታ ግን አበቃ፣ ሌላ ሽማግሌም አልቀበልም" አለች። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ እሱም ሰፈሩ በተሰበሰበበት ፊታቸው ማለ። ሽማግሌ ካስታረቀ ዋስ ይጠራል፣ መቼም ታውቃለህ። "ዋስ ጥራ" አሉት። ዙሪያውን አየ። ስንቱን ሲያበላ፣ ስንቱን በነጻ ሲጠግንለት የኖረ ሰው፣ ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። ደሜ ፈላ። "እኔ እሆነዋለሁ!" አልኩ። "ሴት ደግሞ..." ሲል አንዱ ጀመረ። "ወንዶቹማ ይኸው አሉ፣ ምላሳቸውን ውጠው!" አልኩት። ሼሁ ሳቁና መዘገቡኝ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቢያድግልኝ ከመታ ለንጋትወርቅ የምነግራት እኔ ነኝ።

ስራው ተጀመረ። የኦርጋኑ ሰውነት እንክት ብሏል፣ አይጠገንም፤ ውስጡ ያለው፣ ድምፁን የሚሰራው ሰሌዳ ግን በተአምር ተርፏል። አዲስ ቁልፍ ከየት ይምጣ? ያኔ ነው ዓይኑ ፒያኖው ላይ ያረፈው። የፒያኖው ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። የኛ አገር ሙቀት እንጨቱን አድርቆ ሰንጥቆታል፤ ሽቦዎቹን የሚወጥሩት ችንካሮች አይዙም፣ አጥብቋቸው ይሄድና ጠዋት ላልተው ይጠብቁታል። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ብቻ እንደምንም ይጮሃሉ፣ ከመካከል ወዲያ ግን ድዳ ነው። "እትዬ፣ የሞተውን ድምፅ ኦርጋኑ ይተካለታል፣ በሕይወት ያለው ደግሞ ከኦርጋኑ ጋር አብሮ ይጮሃል" አለኝ። በየቁልፉ ስር ትንሽ የመዳብ ምላስ አደረገ፤ ቁልፉ ሲጫን ምላሱ ይነካና ኦርጋኑ ሰሌዳ ላይ ያለው ድምፅ ይነሳል። ስፒከሩንና አምፕሊፋየሩን ከታች፣ ፔዳሎቹ አጠገብ ሆዱ ውስጥ ከተተ። በጋለ የሽቦ መበየጃ ካውያ ስንቴ ጣቱን እንዳቃጠለ አትጠይቀኝ፣ በስድቡ ብዛት አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን ከወፍራሞቹ ሽቦዎች አንዱን ሲወጥር ሽቦው ተበጥሶ ከቅንድቡ እስከ ጉንጩ ተረተረው። ዓይኑን በጸጉር ነው የሳተው። ደሙ ነጫጮቹ ቁልፎች ላይ ተንዠቀዠቀ። ከወንበሩ ሲነሳ በቀዳዳው አየሁት፣ መዶሻ አንስቷል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። "ቢያድግ! እጅህን!" ብዬ ጮህኩ። መዶሻው አየር ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ አወረደውና ደሙን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ፤ መጀመሪያ የቁልፎቹን፣ ቀጥሎ የፊቱን።

ከዚያ የባሰው ሾፌሩ ነው። ወደ ገላፊ ድንበር የሚመላለስ ባለተሳቢ፣ መኪናው ላይ የገጠመለት ቴፕ ተበላሸብኝ ብሎ መጣ። ሰው በተሰበሰበበት ቢያድግልኝን በጥፊ አጮለው። ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ ሁላችንም ሾፌሩ ሞተ ብለን ነበር። ቢያድግልኝ ዞሮ ሁለት እጁን ፒያኖው ሆድ ውስጥ ከተተ። ሽቦዎቹን ጨብጦ ቆመ። ሾፌሩ ሌላ ጨመረለት፣ በጀርባው። ተፋበት። እሱ አልዞረም። ሰውየው ሰልችቶት ሲሄድ እጁን አወጣ፤ መዳፉ በሽቦው ተቆራርጧል። ጨውና ውሃ አምጥቼ አጠብኩለት። "አላነሳሁም አይደል እትዬ?" አለኝ። "አላነሳህም፣ አብሽር" አልኩት። ወላሂ ያን ቀን ኮራሁበት፤ የወለድኩት ነው የመሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ባንተይርጋ የብየዳ ማሽኑን ይዞ መጣ። ባንተይርጋ ከኛ ሁለት ቤት አልፎ በርና መስኮት የሚበይድ ነው፤ ለፍላፊ እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። ማሽኑ እዚሁ በእጅ የተጠመጠመ ነው፣ የውስጡ ሽቦ ነዷል። አዲስ የመዳብ ሽቦ ራሱ ከአዳማ ገዝቶ አመጣና "ጠምጥምልኝ" አለው። ጠመጠመለት። ማሽኑም ሰራ፣ ባንተይርጋም መርቆት ሄደ።

ፒያኖው አንድ ነገር ብቻ ቀረው። መብራት ላይ ሲሰካ "እምምምም" ይላል፣ ሳትነካው። ሦስት ቀን አበደ። በኋላ ሁላችንም የምናደርገውን አደረገ። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ሐዲዱ የሰፈራችን ኧርዝ ነው፣ የሾለከ መብራት መሬት የሚገባበት። የኔ ፍሪጅ ሽቦው ሐዲዱ ላይ ነው የታሰረው፤ ፀጉር ቤቱም እንዲሁ፤ ባንተይርጋም የብየዳውን መልስ ገመድ፣ መብራቱ ወደ ማሽኑ የሚመለስበትን፣ እዚያው ሐዲድ ላይ ነው የሚያስነክሰው። ረጅም ብረት ነው፣ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ምን ይሆናል? እንላለን። ቢያድግልኝም ከፒያኖው የብረት አጽም አንድ ሽቦ ስቦ፣ በጓሮ አውጥቶ ሐዲዱ ላይ አሰረው። ጩኸቱ ጸጥ አለ። እየዘለለ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ።

ወዲያው ለንጋትወርቅ ደወለ። "ጨርሻለሁ። ነይና ስሚው።"

ከሀብተ ሥላሴ ጋር ከሰመራ መጣች። ቀትሩ አልፎ ነበር፣ ሙቀቱ ግን አናት ይበሳል። ቢያድግልኝ እንደምናደርገው ሲሚንቶው ላይ ውሃ ደፍቶ ቤቱን አቀዝቅዞታል። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጉንጩ ላይ ጠባሳው ያበራል። ወንድሟ በሩ ላይ ቆመ። እሷ ጫማዋን አውልቃ እርጥቡ ወለል ላይ በባዶ እግሯ ገባች። ከሄደች ወዲህ ስታወራ እንኳን አፏን በእጇ ትከልል ነበር፣ በጥርሷ ምክንያት። ተቀመጠች። መጀመሪያ ከወፍራሙ በኩል አንድ ቁልፍ ነካች።

ያ አላህ! አሮጌው ሽቦ ከስር ጎርነን ብሎ ሲነሳ ኦርጋኑ ከላይ ረጅም ትንፋሽ ጨመረለት። እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም፣ ጠጉሬ ግን ቆመ። የሰርግ ዘፈን ጀመረች፣ ሰው ደጃፉን ሞላው፣ አንዱ እልል አለ። ተማሪዎቿን የምታስዘምረውን አስከተለች። እሱ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሁለት እጁን ጀርባው አድርጎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "በተጣመሙ ጣቶችህ ነው ይሄን ሁሉ የሰራኸው?" አለችውና ሳቀች። አፏን አልከለለችም! ባዶው ቦታ እየታየ ሳቀች። "ና እስኪ አጠገቤ ተቀመጥ" አለችው። ሀብተ ሥላሴ እንኳን ፊቱ ተፈታ። እኔ ለሰው ሁሉ ለስላሳ ላመጣ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። አልቋል፣ ታርቀዋል ብያለሁ።

የፍሪጁን እጀታ ስይዝ የሆነ ነገር ክንዴን ይዞ ወዘወዘኝና ወረወረኝ። የተነሳሁት ጀርባዬ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ስር ሆኖ ነው። ከወዲያ በኩል ከፒያኖው ጩኸት ይሰማል፣ ዘፈን አይደለም፣ የታረደ ነገር ነው። በቀዳዳው አየሁ። ንጋትወርቅ አንድ እግሯ የብረቱ ፔዳል ላይ፣ አንዱ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ፣ እጇ ውስጡን ልታይ በተከፈተው ክዳን ገብቶ ብረቱን ጨብጧል። አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም። ሰውነቷ ይርገፈገፋል። ወንድሟ ሊይዛት ሲሮጥ "አትንካት!" ብሎ ቢያድግልኝ ገፍትሮ ጣለው። የእንጨት በርጩማ አንስቶ በጓሮ በር ወጣና ሐዲዱ ላይ ያሰረውን ሽቦ በርጩማው እስኪሰበር ቀጠቀጠው። ሽቦው ተበጠሰ። እሷ ወለሉ ላይ ወደቀች። የተቃጠለ ሥጋ ሸተተን።

ትተነፍሳለች። ደረቷ ላይ ጆሮውን አድርጎ ሰማና "ትተነፍሳለች!" አለ። ሀብተ ሥላሴ አቅፎ ባጃጅ ውስጥ አስገብቶ ወደ ጤና ጣቢያ በረረ። ቢያድግልኝ አብሯቸው መሄድ ነበረበት። ነበረበት! እሱ ግን ጓሮ ወጥቶ ሐዲዱን በዓይኑ ተከተለ፣ ከሁለት ቤት ወዲያ ባንተይርጋ በር እየበየደ ብልጭታው ይታያል፤ የብየዳው መልስ ገመድ ሐዲዱ ላይ ነክሷል። ከማሽኑ የሾለከው መብራት በሐዲዱ አድርጎ ነው የመጣው። እኔም የገባኝ ያኔ ነው። ቢያድግልኝ ዓይኑ ደም ለበሰ።

ሮጦ ከባንተይርጋ ግቢ ክምር አንድ ፌሮ መዘዘ፣ ያን ለኮንክሪት የሚሆነውን ብረት። "ገደልካት!" አለው።

"ማንን?" ባንተይርጋ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። ስለ ምንም ነገር አያውቅም ምስኪን።

"ማሽንህ ሐዲዱ ላይ መብራት ለቀቀ! ሚስቴን ገደልክ!"

"ማሽኑንስ አንተው አይደለህ የጠመጠምከው? አዲስ ሽቦ በእጄ አምጥቼልህ?"

ቢያድግልኝ ቆመ። ፊቱን አየሁት። አመድ መሰለ። የማላውቀው ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ነው የጠረጠርኩት። ፌሮው ዝቅ ሲል አበቃ ብዬ ተንፍሼ ነበር፤ አላበቃም። እንደ እንስሳ ጮሆ ብረቱን ከራሱ በላይ አነሳ። እኔ መቼ እንደሄድኩ አላውቅም፣ መካከላቸው ነኝ። "ዋስህ ነኝ!" ብዬ ክንዴን ዘረጋሁ። "ቢያድግ፣ ዋስህ ነኝ!"

ፌሮው ወረደ። የክንዴ አጥንት ሲሰበር ድምፁን ከሕመሙ በፊት ሰማሁት።

ከዚያ ወንዶቹ ነቁ። አሁን ነቁ! ባንተይርጋ በቡጢ አፍንጫውን ሰበረው፣ ሌሎቹ አስተኝተው በእርግጫ ወገሩት፣ ደም ከጆሮው ወጣ። እሱ አልተከላከለም። እጁን መሬት ላይ ዘርግቶ ይደበደባል። እኔ ነኝ "ተዉት፣ ትገድሉታላችሁ፣ እናንተ ፈሪዎች!" እያልኩ በደህናው እጄ የምመነጭቃቸው።

በማግስቱ ወጌሻ ክንዴን በቀርከሃ ካሰረልኝ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ንጋትወርቅ አልጋ ላይ ቁጭ ብላለች፣ መዳፏ ተጠቅልሏል፣ ሀኪሙ ጣቶቿ ይድናሉ ብሏታል። ሀብተ ሥላሴ አጠገቧ ነው። ቢያድግልኝ በሩ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ አብጦ ዓይኑ አይታይም። እሷ ከድንጋጤዋ ገና አልወጣችም፣ የተደረገውን የነገራት የለም።

"እትዬ ሙጂባ፣ ክንድሽ ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ።

አየህ፣ ዋሱ እኔ ነኝ። መንገር የኔ ነው። ምላሴ ግን እምቢ አለኝ። ያ ሾፌር ሲመታው እጁን ሽቦ ውስጥ የከተተው ልጅ ነው የታየኝ። "ፍሪጁ ወርውሮኝ..." ብዬ ጀመርኩ፤ ግማሹ እውነት ነው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

"እኔ ነኝ" አለ ቢያድግልኝ ከበሩ ጥግ። "በፌሮ። ባንተይርጋን ልገድል ስል መሐል ገባች።"

ንጋትወርቅ የታሰረውን ክንዴን አየች።

"ሌላም አለ" አለ። "የባንተይርጋን አዲስ ሽቦ ለፒያኖው ነው የወሰድኩት። በየቁልፉ ስር ያለው መዳብ እሱ ነው። ማሽኑ ውስጥ የነደደውን አሮጌ ሽቦ ቀጣጥዬ መልሼ ጠመጠምኩለት። ቶሎ እንድትመጪ ፈልጌ ነው። ሲነግረኝ አወቅሁ፤ እያወቅሁ ነው ብረቱን ያነሳሁት።"

ሀብተ ሥላሴ ሊነሳ ሲል እጁን ያዘችው። የተጠቀለለ መዳፏን አየች። "ስለ እጄ ይቅር ብዬሃለሁ" አለችው። "ሽቦውንም ቢሆን ለኔ ብለህ ነው፣ ስህተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል። አውቀህ ያነሳኸው እጅ ግን... ቢያድግ፣ በሚቀጥለው የማን ራስ ላይ ነው የሚያርፈው? ሰመራ እመለሳለሁ። ሽማግሌ እንዳትልክ።"

"አልልክም" አለ።

"ኦርጋኔን ግን እወስዳለሁ።"

ኦርጋኑን ከፒያኖው ማውጣት አይቻልም ነበር፤ ሁሉ ነገር ከሁሉ ነገር ጋር ተበይዷል። ስለዚህ ሁለቱም ሄዱ። አይሱዙ መጣ። እሱ ባበጠ ዓይኑ ከመሬት ተንበርክኮ የሐዲዱን ሽቦ ከስሩ ቆርጦ ጣለ፣ አዲስ ባለሦስት እግር ሶኬት ገጠመለት፣ ፔዳሎቹን በላስቲክ ጠቀለላቸው። ለማንሳት ወንድ ጠፋ፤ ከሱ ጋር አንድ ጫፍ መያዝ ማንም አልፈለገም። ባንተይርጋ ነው ከቤቱ ወጥቶ የመጣው። በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላ በኩል ቢያድግልኝ፣ ሳይነጋገሩ ተሸክመው መኪናው ላይ አወጡት። ሲጭኑት ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ጎርነን ብለው ጮሁ። ንጋትወርቅ ጋቢና ውስጥ ሆና አልዞረችም። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ በሱም ተናደድኩ፣ በራሴም ተናደድኩ፣ ክንዴ ይጠዘጥዘኛል፣ ያም ሆኖ ለሱ ነው ያለቀስኩት።

አሁን ሰመራ ሰርግ ላይ ትጫወታለች አሉ፣ እጇም ድኗል፣ አልሃምዱሊላህ። ጥርሷንም አስተክላለች።

እሱ እዚሁ ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ። አሁን እንኳን ካውያው ይሸትሃል። ባለፈው፣ ክንዴ ድኖ መጀመሪያ ወጥ የሰራሁ ቀን፣ መጣና እዚህ አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጁን ታጠበ። ከዚያ "እትዬ ሙጂባ፣ እኔ እኮ ተለውጫለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ንጋትወርቅ ፊት እንደገና ዋስ ትሆኚኛለሽ?" አለኝ።

ወጡን አቀረብኩለት። እንጀራ ጨመርኩለት። "ብላ" አልኩት።

"ትሆኚኛለሽ ወይ?"

ወላሂ እወደዋለሁ፣ ከእናቴ ልጅ አላሳንሰውም። "አልሆንም" አልኩት።